ጀልዴሳ፣ አንቀጽ 3

ባለፈው ዓመት ሥራ ላይ አንድ ጥፋት አጠፋሁ። ሰው የሞተበት አይደለም፤ ግን አንድ ነጋዴ ለሳምንት እንቅልፍ አጥቷል።

የምሠራው ትራንዚተሮች የሚጠቀሙበት ፕሮግራም ላይ ነው። አስመጪው የዕቃውን ዓይነት፣ ዋጋውንና ክብደቱን ያስገባል፤ ፕሮግራሙ ደግሞ ዲክላራሲዮን ሲሞላ ምን ያህል ቀረጥና ታክስ እንደሚጠብቀው አስቀድሞ ያሰላለታል። ለመጀመሪያው ደንበኛ ለማሳየት ስንጣደፍ አንዱን ምጣኔ ሠንጠረዥ ውስጥ በማስገባት ፈንታ ቁጥሩን ቀጥታ ኮዱ ውስጥ ጽፌ አለፍኩ። በእኛ ሙያ «ሃርድኮድ ማድረግ» እንለዋለን። መቀየር ያለበት ሰው ከውጭ ሊቀይረው የሚገባው ቁጥር፣ ግድግዳ ውስጥ እንደተቀበረ ሽቦ ኮዱ ሆድ ውስጥ ይቀራል። ከወራት በኋላ ምጣኔው በመመሪያ ተቀየረ። የእኔ ፕሮግራም ግን ወሬውን አልሰማም። ነጋዴው በእኛ ስሌት ተማምኖ ብሩን አዘጋጀ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ጎደለው፤ ጎዶሎውን እስኪሞላ ኮንቴይነሩ ቆሞ ዲመሬጅ ቆጠረበት። ደውሎ ያለኝን እዚህ አልጽፈውም።

አለቃዬ አልጮኸችብኝም። «ሌላ ሰው ነገ የሚቀይረውን ነገር አንተ ዛሬ አትቅበረው» አለችኝና ሄደች። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር።

ኮዱን አስተካከልኩት። አሁን እያንዳንዱ ምጣኔ በሠንጠረዥ ውስጥ ይቀመጣል፤ አጠገቡ ሁለት ዓምዶች አሉ፤ የሚጸናበት ቀንና የሚያበቃበት ቀን። ግን ነገሩ ከውስጤ አልወጣ አለ። ስለ ቀረጥ ማንበብ ጀመርኩ፤ መጀመሪያ አዋጅና መመሪያ፣ ቀጥሎ የድሮ ታሪክ፣ ከዚያ የድሮ የንግድ ውሎች። እንዲህ ስል አንድ ሌሊት፣ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ስምምነት ሳነብ፣ አንቀጽ 3 ላይ የእናቴን አገር ስም አገኘሁት። ጀልዴሳ።

ጀልዴሳን ባታውቁት አይፈረድባችሁም። ከድሬዳዋ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ ቆላው ሲወረድ ያለ የገጠር ቦታ ነው። በከተማ አስተዳደሩ ወረቀት ላይ ከገጠር ክላስተሮቹ አንዱ ሆኖ ይጻፋል። ሙቀት፣ አሸዋማ ወንዝ፣ ግራር፣ ፍየል፣ ግመል። ልጅ ሆነን ትምህርት ሲዘጋ አጎቴ ጋ እንላክ ነበር፤ እኔ ደግሞ በሦስተኛው ቀን ወደ ድሬ መልሱኝ ብዬ የማለቅስ ዓይነት ልጅ ነበርኩ። ምንም የሌለበት ቦታ ይመስለኝ ነበር። ያ ምንም የሌለበት ቦታ በንጉሠ ነገሥትና በንግሥት መካከል በተፈረመ ውል ላይ በስሙ ተጠርቷል።

ውሉ የተፈረመው ግንቦት 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ዓድዋ ገና 14 ወሩ ነበር። እንግሊዝ ሬኔል ሮድ የሚባል ልዑክ ላከች፤ እሱም ከዘይላ ተነስቶ በጀልዴሳ፣ በሐረር አድርጎ ሸዋ ደረሰ። አንቀጽ 3 በአጭሩ፣ ከዘይላ በጀልዴሳ በኩል ወደ ሐረር የሚወስደው የቅፍለት መንገድ ከዳር እስከ ዳር ለሁለቱም አገሮች ንግድ ክፍት ሆኖ ይኖራል ይላል።

ለምን ጀልዴሳ? ምክንያቱም ያኔ በር ነበረች። ከባሕር የመጣው የበረሃ ግመል ጭነቱን እዚያ ያራግፋል፤ ዕቃው ተራራውን ለሚወጡት እንስሳት ይከፋፈላል። ቡናና ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስ ይወርዳል፤ ጨርቅና ጠመንጃ ይወጣል። ግብፆች ሐረርን በያዙበት ዘመን ጀልዴሳ ላይ ወታደር አስቀምጠው ነበር። ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ሐረርን ሲይዙ በሩም የእሳቸው ሆነ። ጭነት የሚወርድበት ቦታ ለቆጣሪም ይመቻልና ኬላው እዚያ ነበር። ባጭሩ የእናቴ አገር የዛሬው የደወሌ ኬላና የሞጆ ደረቅ ወደብ ባንድ ላይ ነበረች ማለት ነው።

እኔን ግን ይበልጥ ያስደነቀኝ ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 4 ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በቀረጥና በአካባቢ ግብር ረገድ ለሌላ አገር ዜጎች የሚሰጡትን ጥቅም ሁሉ ለእንግሊዝም ይሰጣሉ ይላል። በምላሹ ለኢትዮጵያ መንግሥት አገልግሎት ብቻ የሚውል ዕቃ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሲጠይቁ፣ በዘይላ ወደብ ያለ ቀረጥ ያልፋል። ደግማችሁ አንብቡት። ዛሬ የተሰጠ ነገር አይደለም የተጻፈው፤ ወደፊት ለማንም የሚሰጥ ነገር ሁሉ ነው። ፕሮግራመሮች ይሄን «ኢንሄሪታንስ» ብለን እናውቀዋለን። ለአንዱ የጨመርከው ነገር አንተ ሳትነካው ወደ ሌላውም ይወርዳል። ዲፕሎማቶች «እጅግ ለተወደደ አገር የሚሰጥ ጥቅም» ይሉታል። የዓለም ንግድ ድርጅት የመጀመሪያ ምሰሶም ይኸው ሐሳብ ነው፤ አዲስ ነገር የሚመስለን እኛ ብቻ ነን።

ትምህርት ቤት የተማርነው ውል አንድ ነው፤ ውጫሌ። አንቀጽ 17። በአማርኛው «ይችላል» ዓይነት፣ በጣልያንኛው «ግዴታው ነው» ዓይነት። ስለዚህ ሉዓላዊነት ሲባል ጭንቅላታችን ውስጥ የሚመጣው አንድ ተንኮለኛ ቃል፣ አንድ የተናደደ ንጉሥና አንድ ጦርነት ነው። ጥሩ ታሪክ ነው፤ የምናሸንፍበት ታሪክ ስለሆነ እንወደዋለን። ግን ከዓድዋ በኋላ ያሉትን ውሎች ሳነብ ተንኮለኛ ቃል አላገኘሁም። ሁሉም ግልጽ፣ ትሁት፣ አሰልቺ ናቸው። ከባዱ ነገር ያለው አሰልቺው አንቀጽ ውስጥ ነው።

ወደ ድሬ ልመለስ። ድሬ ራሷ የዚህ ጉዳይ ልጅ ናት።

በ1886 ዓ.ም. ምኒልክ የባቡር ፈቃድ ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጡ፤ እሱም ከፈረንሳዊው ሼፍኔ ጋር ኩባንያ አቋቋመ። መስመሩ ከጅቡቲ ተነስቶ መጀመሪያ ሐረር መድረስ ነበረበት። የሐረር ተራራ ለሐዲድ የማይመች ሆኖ ስለተገኘ ከተራራው ሥር ባለው ሜዳ ላይ ጣቢያ ተተከለ። ለገሃር የምንለው ሰፈር፣ ከዚራ፣ መጋላ፣ ሁሉም ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው። ባቡሩ ድሬ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ለምረቃው ምኒልክ አልመጡም።

ያልመጡት አኩርፈው ነው፤ ደግሞም ምክንያት ነበራቸው። ፈቃዱን የሰጡት ለግል ኩባንያ ነው። ኩባንያው ግን ገንዘብ አጠረው። ባቡሩ ድሬ ከመድረሱ ጥቂት ወራት በፊት የፈረንሳይ መንግሥት በዓመት 500 ሺህ ፍራንክ ለ50 ዓመት ሊደጉመው ተዋዋለ፤ በምትኩም ቁጥጥሩን ያዘ። ምኒልክን ማንም አልጠየቃቸውም። ከአንድ ነጋዴ ጋር ተዋውለው ቢዞሩ ጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠው መንግሥት ሆኖ አገኙት። የተመዘገብክበት አንድ አገልግሎት በሌላ ትልቅ ድርጅት ተገዝቶ፣ «ውላችንን አድሰናል» የሚል ኢሜይል ሲደርስህ የሚሰማህን ስሜት አስበው፤ እሱን በአገር ልክ አባዛው።

ምኒልክ ምን ማድረግ ይችሉ ነበር? ሐዲዱን መንቀል አይችሉም። የሚችሉት አንድ ነገር ነበር፤ ቀጣዩን ፈቃድ መከልከል። ከለከሉ። ባቡሩ ለዓመታት ድሬ ላይ ቆመ። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣልያን በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. ለንደን ላይ ስለ ኢትዮጵያ የየራሳቸውን የጥቅም ክልል ተስማምተው ውጤቱን ሲያሳውቋቸው እንኳ፣ ምኒልክ ስለ ማሳወቃችሁ አመሰግናለሁ፤ ግን ይሄ የእኔን ሥልጣን አይነካም የሚል መንፈስ ያለው መልስ ሰጡ። እኔ ይሄን መልስ በጣም እወደዋለሁ። ያልፈረምኩት ውል አያስረኝም ማለት ነው።

ድሬም በዚያ መሀል አደገች። የሐዲድ መጨረሻ መሆን ለከተማ በረከት ነው፤ ዕቃው ሁሉ እዚያ ይራገፋል፣ እዚያ ይሸጣል፣ እዚያ ይጫናል። ሕንዱ፣ አረቡ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ መጣ። አባቴ «እኛ ድሬዎች የባቡር ልጆች ነን» ይላል። እኔ ደግሞ አሁን የቆመ ባቡር ልጆች ነን እለዋለሁ። በሉዓላዊነት ክርክር ምክንያት የቆመ ባቡር።

ጀልዴሳስ? የ1889ኙ ውል መንገዷ ክፍት ሆኖ ይኖራል ብሎ ነበር። ማንም አልዘጋውም። ባቡሩ ድሬ ሲገባ ጭነቱ ወደ ጅቡቲ መስመር ዞረ፤ ግመሎቹ ተከተሉ፤ ቆጣሪውም ተከተለ። በስድስት ዓመት ውስጥ በውል የተከበረው በር በር መሆኑ ቀረ።

ከዚያ ጥር 1900 ዓ.ም. መጣ። የምኒልክ ጤና እየደከመ ነው፤ ባቡሩም ቆሟል፤ ኩባንያውም ከስሯል። ፈረንሳይ አንቶኒ ክሎቡኮቭስኪ የሚባል መልእክተኛ ላከች፤ የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ፤ በዚያው ወር ባቡሩን ወደ አዲስ አበባ የመቀጠል ፈቃድም ተሰጠ። ይሄን ውል ትምህርት ቤት ሲጠራ ሰምቼው አላውቅም። እናንተም አልሰማችሁት ይሆናል።

ሁለት ነገር ይዟል። አንደኛው፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ቀረጥ ከዋጋው 10 በመቶ እንዲሆን ተወሰነ፤ ለወይንና ለመሰል መጠጦች 8 በመቶ። አሥር። በቃ። ጨርቅም ይሁን መስታወት፣ አገር ውስጥ የሚሠራ ነገር ይኑር አይኑር፣ ግምጃ ቤቱ ባዶ ይሁን ሙሉ። ሃርድኮድ።

ሁለተኛው የባሰ ነው። የኢትዮጵያ ሕግ ከአውሮፓ ሕግ ጋር እስኪስማማ ድረስ፣ የፈረንሳይ ዜጎችና በፈረንሳይ ጥበቃ ሥር ያሉ ሰዎች ክስ በቆንስላቸው በኩል ይታያል፤ ከኢትዮጵያዊ ጋር ሲካሰሱም ቆንስሉ ከዳኛው ጎን ይቀመጣል። «እስኪስማማ ድረስ» የሚለውን ልብ በሉ። ተስማማ፣ አልተስማማም የሚለው ማነው? አልተጻፈም። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ይሄን ሲያይ ያመዋል፤ መውጫው በሌላ ሰው እጅ ያለ ሉፕ ነው። ራሱ አያልቅም።

አሁን አንቀጽ 4ን አስታውሱ፤ ለሌላው የተሰጠ ሁሉ ለእንግሊዝም። አሜሪካ በ1896 ዓ.ም. በስኪነር በኩል፣ ጀርመንም በ1897 ዓ.ም. በሮዘን በኩል ተመሳሳይ ሐረግ ያለበት ውል ነበራቸው። ስለዚህ ለፈረንሳይ የተሰጠው ወረደ፣ ተዋረሰ። አንድ ፊርማ፣ ብዙ ባለመብት። ድሬ ላይ ሱቅ የከፈተው ሕንዳዊ የእንግሊዝ ተገዢ ነው። አገሬው ነጋዴ በአገሩ ዳኛ ፊት ሲቆም ጎረቤቱ ከኋላው ቆንስል አለው።

ታዲያ ሰዉ ዝም አለ? አንድ ሰው ዝም አላለም፤ ያውም ድሬ ላይ። ነጋድራስ ገብረሕይወት ባይከዳኝ። አብዛኞቻችን ስሙን በጥቅስ ነው የምናውቀው። ሰውዬው ግን ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚፈላሰፍ ብቻ አልነበረም፤ የባቡሩ ተቆጣጣሪ ነበር፤ በመጨረሻ ዓመታቱ ደግሞ የድሬዳዋ ነጋድራስ፣ ማለትም የጉምሩኩ ኃላፊ። በ1911 ዓ.ም. ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ሳለ ሞተ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የታተመው ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው። መጽሐፉ ላይ ዕውቀት ያለው ሕዝብና ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ሲነግዱ ልውውጡ የእኩዮች እንዳልሆነ ይከራከራል፤ አንዱ የብዙ ቀን ድካሙን ለሌላው የጥቂት ቀን ሥራ ይሰጣል።

መጽሐፉን መጀመሪያ ያነበብኩት ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ነው፤ ስለ ኢኮኖሚ የተጻፈ መስሎኝ። በዚህ ዓመት ስደግመው የጉምሩክ ሰው የጻፈው ሆኖ ተሰማኝ። አስቡት፤ በየቀኑ ባቡሩ ይገባል፤ ጨርቁ ይራገፋል፤ ዋጋው ይገመታል፤ 10 በመቶው ይሰላል። ይሄ ዕቃ 40 ቢከፍል አገር ውስጥ ሸማኔው ይተርፋል፣ ያኛው ደግሞ ዜሮ ቢሆን መሣሪያ ይገባል ብሎ የሚያስብ ጭንቅላት ያለው ሰው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ቁጥሩን ግን ሊነካው አይችልም። ሠንጠረዡ ሌላ ቦታ ነው ያለው። የእኔ ነጋዴ ለሳምንት ተቃጠለ፤ ገብረሕይወት ግን ዕድሜውን።

ይሄን ሁሉ ለጓደኞቼ ያወራሁት ድሬ በሄድኩበት በርጫ ላይ ነው። (አዎ፣ በርጫ። እንግሊዝ በ2006 ዓ.ም. ጫትን ስትከለክል እዚህ አካባቢ ያለው ገበሬና ነጋዴ ገበያውን ባንድ ጊዜ አጥቷል። እሷም ሉዓላዊት ናት፤ ማንም ምን ሊላት?) አንዱ ጓደኛችን ጠበቃ ነው። «አቦ፣ ያኔ በድካም ፈረሙ። አሁን ወደን ነው የምንፈርመው። ምኑ ነው የሚመሳሰለው?» አለኝ።

ጥያቄው ልክ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው በ1995 ዓ.ም. ነው። ድርድሩ ከ20 ዓመት በላይ ፈጅቷል፤ እኔ ፊደል ስቆጥር ተጀምሮ ደመወዝ ስቆጥርም አላለቀም። አባል የሚሆን አገር ለእያንዳንዱ የዕቃ ዓይነት የቀረጥ ጣሪያ ያስመዘግባል። ከጣሪያው በታች እንደፈለገ ዝቅ ያደርጋል፤ ከጣሪያው በላይ መውጣት ከፈለገ ግን ድርድርና ካሳ አለ። ባንክና ቴሌኮምን የመሰሉ አገልግሎቶችም ላይ እንዲሁ ቃል ይገባል።

ስለዚህ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የምናየው ክርክር ሁለቱም ወገን ያስቀኛል። አንዱ «አገር ተሸጠ» ይላል። ሌላው «ዓለም የገባችበት ነው፣ ምን ታካብዳላችሁ» ይላል። ከ1900ው ውል ጋር ሳስተያየው ልዩነቱ ግልጽ ነው። የዛሬው ጣሪያ በሺዎች የሚቆጠር መስመር አለው እንጂ አንድ ቁጥር አይደለም። የገቢ ዕቃ ድንገት ሲያጥለቀልቅህ ለጊዜው የምትከላከልበት አንቀጽ አለው። መውጣት የፈለገ አባል በስድስት ወር ማስታወቂያ መውጣት ይችላል። መውጫ ያለው ሉፕ ነው። የክሎቡኮቭስኪ ቅጂ ነው የሚለኝን ሰው አላምነውም።

አለመፈረምም ደግሞ ነፃነት አይደለም። አጎአን አስታውሱ። አጎአ ውል አይደለም፤ አሜሪካ በራሷ ሕግ የሰጠችው ዕድል ነው። እኛ ምንም አልፈረምንም፤ ምንም አላሰርንም። ሐዋሳ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች በዚያ ዕድል ላይ ተቀጠሩ። ጦርነቱ መጣ፤ ፒቪኤች የሚባለው ትልቁ ኩባንያ በኅዳር 2014 ዓ.ም. እንደሚወጣ አስታወቀ፤ በታኅሣሥ ወር ኢትዮጵያ ከአጎአ ታገደች። ውሳኔው ልክ ነበር አልነበረም የሚለውን ተዉትና አሠራሩን ብቻ እዩት፤ የሰጠው ነሳ። አቤት የሚባልበት የለም፤ ውል የለማ። አንዲት ስፌት ላይ የነበረች የአክስቴ ልጅ አዲስ አበባ መጥታ እኔ ጋ ሁለት ወር ተቀምጣ ሥራ ስትፈልግ ነበር። እሷ ፊት ስለ ሉዓላዊነት ማውራት ይከብዳል።

ለጠበቃው የመለስኩለት እንዲህ ነው፤ እኔን የሚያስፈራኝ መፈረሙ አይደለም። ፈርመን የምንረሳው ነገር ነው። ያንን ምጣኔ ኮድ ውስጥ ስጽፍ ማንም አላስገደደኝም፤ ተንኮልም አልነበረኝም። ቸኩዬ ነበር፤ ደግሞ አንብቦ የሚያርም ሰው አልነበረም። ይኸው ነው። አገርም ልክ እንደዚህ ይቸኩላል። ባቡሩ እንዲቀጥል፣ ብድሩ እንዲለቀቅ፣ ጉባኤው ከመድረሱ በፊት። ከዚያ አንድ ነጋድራስ ከዓመታት በኋላ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ለምን እንደማይነካ ያልገባው ቁጥር ያሰላል።

«ስለ ራስህ ሙያ አንብበህ ታውቃለህ ግን?» አለኝ። አፈርኩ። አላነበብኩም። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ እዚሁ አዲስ አበባ የአፍሪካ ነፃ የንግድ ቀጠና የዲጂታል ንግድ ፕሮቶኮልን ሲያጸድቅ እኔ ከቦሌ ቅርብ ቢሮ ውስጥ ኮድ እየጻፍኩ ነበር፤ ያማረረኝም የተዘጋው መንገድ ብቻ ነበር። ፕሮቶኮሉ ውስጥ ዳታ ድንበር ስለሚሻገርበት ሁኔታ አለ፤ መንግሥት የፕሮግራምን ምንጭ ኮድ አሳዩኝ ስለሚልበት ሁኔታ አለ፤ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ስለሚተላለፉ ምርቶች ቀረጥ አለ። የመጨረሻው የቆየ ጉዳይ ነው፤ የዓለም ንግድ ድርጅት አባላት ከእ.ኤ.አ. 1998 ጀምሮ በኢንተርኔት በሚተላለፍ ነገር ላይ ቀረጥ ላለመጣል እየተስማሙ፣ ደጋግመው ሲያራዝሙት ኖረዋል። ያኔ ፊልምና ሙዚቃ በሲዲ ነበር የሚገባው፤ ሲዲው ላይ ቀረጥ ነበር። ዛሬ ያ ሁሉ ወደ ስልክ ገብቷል። ጭነቱ ከግመል ወደ ባቡር ሲዞር ጀልዴሳ ላይ የቀረው ቆጣሪ ትዝ አለኝ።

በሙያ ጓደኞቼ ግሩፕ ላይ ፕሮቶኮሉን ያነበበ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ሦስት የሳቅ ኢሞጂ አገኘሁ።

በማግስቱ ጀልዴሳ ሄድኩ፤ ከስንት ዓመት በኋላ። መንገድ ላይ በመልካ ጀብዱ በኩል ያለውን ነፃ የንግድ ቀጠና አሰብኩት፤ ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ የተባለው። አጥሩ ውስጥ ያለ ዕቃ አገር ውስጥ ሆኖ ሳለ ለቀረጥ ሲባል ገና አልገባም። የጀልዴሳ የቅፍለት አራጋፊ ቢያየው ወዲያው ይገባዋል፤ ከበረሃ የመጣ ሸክም ገና ተራራውን አልወጣም እንደ ማለት ነው።

አጎቴ ግራር ሥር ጠበቀኝ። ድሬና አካባቢዋ ትልቅ ሰውም «አንተ» ነው የሚባለው፤ አዲስ አበባ ስመጣ በዚህ ስንት ቦታ ባለጌ ተብያለሁ። ወንዙ ዳር ወሰደኝ። አሸዋው ነጭ ነው፤ ውሃ የለውም። ስልኬ ላይ ያለውን ውል አወጣሁና አንቀጽ 3ን ወደሚገባው ቋንቋ እያዞርኩ አነበብኩለት። አባቱም አያቱም ግመል ነጂ ነበሩ። ጸጥ ብሎ ሰማኝ።

«እንግሊዝ ነው የጻፈው?»

«ምኒልክና እንግሊዝ።»

«ክፍት ይሁን ብለው?»

«አዎ። ከዳር እስከ ዳር።»

ወደ ሰሜን፣ አሸዋው የሚታጠፍበትን ቦታ በዱላው አሳየኝ። «በዚያ ነበር የሚመጡት። ክፍት ነው፤ ማን ዘጋው?» አለና ሳቀ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «ያኔ እዚህ የነበሩትን ጠይቀዋል?» አለኝ።

«ውሉ ላይ የለም።»

«የመንገዱን ስም ግን ያውቁታል።»

«ያውቁታል።»

ማታ ሲቀዘቅዝ በአንድ አይሱዙ ወደ ድሬ ተመለስን። አጎቴ ለእናቴ የግመል ወተት በጄሪካን ይዟል። ከተማው ሳንደርስ መንገዱ ላይ ገመድ ተወጥሯል። አንድ ልጅ እግር ባትሪ እያበራ ወደ ኋላ ወጣ፤ ጆንያዎቹን ነካ ነካ አደረገ፤ ብርሃኑን ጄሪካኑ ላይ አቆመው።

«ይሄ ምንድነው?»

«ወተት» አለ አጎቴ።

ልጁ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተ። ዘጋው። ወረደ፤ ገመዱም ላላ።